የኮንጎን ሕዝብ ልቆጥር ፍራንክፈርት ሄድኩ

ከጀርመን ከተመለስኩ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሚያገኘኝ ሁሉ «እንዴት ነው? ያምራል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ነገር በቅደም ተከተል ካልተነገረ አይጥመኝም። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ወጥቼ ጉዳዬን እስክፈጽም ያየሁትን በየቀኑ እንደያዝኩት እጽፈዋለሁ፤ ያልሄደ ሰው ብዙ እንዳላመለጠው ይረዳ ዘንድ።

የሄድኩት ለጉብኝት አይደለም። ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ፍራንክፈርት አሥራ አራት ዓመት ኖራለች፤ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአውሮፕላን ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሳሮን የምትባል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አለቻት። በገና ሰሞን ደወለችና፣ «አንተ የጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለህ? ልጄ በጂኦግራፊ ልትወድቅብኝ ነው። ስለ ኮንጎ ክፍል ፊት ቆማ እንድታስረዳ ታዛለች። የሴሚስተር ዕረፍትህን እኔ ዘንድ አሳልፍ፤ ትኬቱ በእኔ ነው» አለችኝ። የአንዲትን አገር ሕዝብ፣ መልክዓ ምድርና ኢኮኖሚ በአንድ ሳምንት ለአንዲት ልጅ ማስተማር ምን ያቅታል? ሰባ ሁለት ልጅ በአንድ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ።

ማክሰኞ

በጠዋቱ አውቶቡስ ተነሣሁ። ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሁለት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበሩ። በእጄ ደግሞ በማርከር የሠራሁትን ትልቅ ሰንጠረዥ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ሰንጠረዡ አራት ዓምድ አለው፤ ሕዝብ፣ መልክዓ ምድር፣ ማዕድን፣ ኢኮኖሚ። ልጅቷ እንድታነበው ብዬ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። ዓባይ በረሃን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። ኮንጎ የምድር ወገብ የሚያልፍባት፣ ዘጠኝ ጎረቤት ያላት፣ ባሕሩን በጠባብ አንገት ብቻ የምትነካ ሰፊ አገር እንደሆነች፤ ወንዟ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ እንደሚያቋርጥ፤ ከመሬቷ ሥር መዳብ፣ ኮባልት፣ አልማዝና ወርቅ እንዳለ ዘረዘርኩላቸው።

ድልድዩ ጋ እስክንደርስ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ይኼ ሁሉ ካላት ሕዝቧ እንዴት ይኖራል?» አሉኝ።

«ድኻ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ምኑን ነው የምታስተምረው?» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሐሙስ

አዲስ አበባ ላይ የዋለው ረቡዕ የሚጻፍ ነገር የለውም። ሐሙስ ጠዋት ፍራንክፈርት ገባን። የእኛ ሰዎች እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ አይሉም፤ «ፍሉግሃፈን» ነው የሚሉት። ስፋቱ ከፍኖተ ሰላም ይበልጣል፤ ነገር ግን አንድ እንኳ እንኳን ደህና መጣህ የሚል ሰው የለውም። ፓስፖርት የሚያየው ወጣት ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«የእህቴን ልጅ ላስተምር።»

«ምን?»

«ኮንጎን።»

ፓስፖርቴን አገላበጠ። «አንተ ከኮንጎ ነህ?»

«አይደለሁም፤ ከኢትዮጵያ ነኝ።»

«ልጅቷስ?»

«ከፍራንክፈርት።»

ወደ ጎን ቁም አለኝና ባልደረባውን ጠራ። ሁለቱም ሰንጠረዤን ዘርግተው አዩት፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። በኋላ እንዳየሁት የሳሮን የትምህርት መጽሐፍ ለአፍሪካ በሙሉ አራት ገጽ ነው የሰጠው፤ ስለዚህ እነዚያ ሁለት ሰዎች በዚያች አሥር ደቂቃ ስለ ኮንጎ የተማሩት በልጅነታቸው ከተማሩት ሳይበልጥ አይቀርም።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሥራ እንደወጣች፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸርዬ! እንዴት ከሳህ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባቡር ውስጥ ስንገባ እንደ አገሬ ወግ ለተቀመጡት ሁሉ እጅ ነሣሁ። አንድም ሰው አልመለሰልኝም፤ አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። በእኛ አውቶቡስ ላይ ቢሆን እስከ ደጀን ድረስ የሦስት ቤተሰብ ታሪክ በሰማሁ ነበር።

እህቴ የምትኖረው ጊንሃይም በሚባል ሰፈር ነው። ፎቆቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ መለያቸው አጠገባቸው የቆመው ረጅም የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ ነው። ሰፈርተኛው በአንድ የአትክልት ዓይነት ስም ይጠራዋል። «ወጥቶ ከተማውን ማየት ይቻላል?» አልኳት። «ድሮ ነበር አሉ፤ አሁን ዝግ ነው።» የማይወጣበት ማማ ሠርቶ፣ የአትክልት ስም አውጥቶ፣ ከሥሩ መኖር። ይህን ሥልጣኔ ነው የሚሉን።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ሻይ ጠጣሁና ቅጠሉን ከነከረጢቱ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። እህቴ እንደ እሳት ብድግ ብላ አወጣችው። ለወረቀት አንድ፣ ለፕላስቲክ አንድ፣ ለምግብ ትራፊ አንድ፣ ለቀረው አንድ፣ በጠቅላላው አራት ዓይነት ማስቀመጫ አላት። እውነት ለመናገር እንደ ሰንጠረዥ ወደድኩት። ግን ለቆሻሻ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለአፍሪካ አንድ ማስቀመጫ ብቻ መመደቡ ይገርማል።

ከምሳ በኋላ የሳሮንን የግማሽ ዓመት ውጤት አሳየችኝ። ሳሮን ቀጭን፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ አማርኛ የሚገባት ግን በጀርመንኛ የምትመልስ ልጅ ናት። ወረቀቱን በዓይኔ አሰስኩት። ሒሳብ 3፣ እንግሊዝኛ 2፣ ስፖርት 1፣ ፈረንሳይኛ 5፣ ኤርድኩንደ (ጂኦግራፊውን እንዲህ ይሉታል) 5። ስፖርቱን በሆዴ አዘንኩለትና፣ «ጎበዝ! በጂኦግራፊ አምስት! ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግሁ። ልጅቷ ተነሥታ ክፍሏ ገባች፤ በሩን አጋጨችው።

«አንተ!» አለች እህቴ ራሷን ይዛ። «እዚህ አንድ ነው የበላዩ። አምስት ወድቃለች ማለት ነው።»

ከላይ ወደ ታች የሚቆጥር አገር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ከዚያም ነገሩን በደንብ አስረዳችኝ። ሳሮን ያለችበት ጂምናዚየም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርስ ትምህርት ቤት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት አምስት ከያዘች ወደ ዝቅተኛው ትምህርት ቤት ያወርዷታል። «ፈረንሳይኛውን አሁን ማንሳት አይቻልም። ኤርድኩንደውን ግን ይኼ የኮንጎ ሬፈራት ያነሣዋል። ማክሰኞ ነው ቴርሚኗ» አለችኝ፤ ሬፈራት የሚሉት ክፍል ፊት የምታስረዳውን ነው፣ ቴርሚን ደግሞ ቀጠሮውን። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፦ «እኔ እዚህ አገር በዲፕሎማ ነው የመጣሁት፤ መጥረጊያ ሰጡኝ። እሷ በእኔ እግር እንድትተካ አልፈልግም። ገባህ?»

ገብቶኛል።

ዓርብ

እህቴ ከንጋት በፊት ሥራ ገባች። ሳሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀመርን። አስተማሪዋ የሰጠቻትን ወረቀት ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምኳት። አሥር ደቂቃ ትናገራለች፤ ከዚያ ክፍሉ ይጠይቃታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትምህርቷን የሚመራ አንድ ጥያቄ ይዛ መምጣት አለባት።

«ጥያቄ ማቅረብ የአስተማሪ ሥራ ነው» አልኳት። «ተማሪ የሚያቀርበው መልስ ነው።»

«ናይን» አለች። እምቢ ማለቷ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ለጊዜው ትተን በመልሱ ጀመርን። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፌ በማስመሪያ እየጠቆምኩ አስረዳኋት። ምሥራቅና ምዕራቧን የሚያገናኝ መንገድ የሌላት አገር ናት። ወንዟ ለአህጉሩ ግማሽ የሚበቃ መብራት ሊያመነጭ ይችላል ይባላል፤ ዳር ላይ ያሉት መንደሮች ግን በኩራዝ ይኖራሉ። ኮባልት ከየትኛውም አገር ይበልጥ ታወጣለች፤ ባትሪው ግን የሚሠራው ሌላ አገር ነው። «ይህን ማስተዳደር ያቃተው መንግሥት» አልኳት፣ «ቁልፉን የዋጠ ባለ ሱቅ ማለት ነው።»

ሳሮን ስልኳን እያየች ነበር።

ቅዳሜ

ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። በመንገድ ላይ የባንኮቹን ሕንፃዎች አየሁ። መስታወት ናቸው፤ ሰማዩን ያሳያሉ፣ ውስጣቸውን አያሳዩም። ይህች ከተማ ከሥሯ መዳብ የላት፣ ወርቅ የላት፣ ባሕር የላት። ያላት አንድ ለስላሳ ወንዝና ሆምጣጤ የሚያስንቅ የፖም መጠጥ ነው። ሳሮንን አቁሜ፣ «አየሽ፤ ሀብት ያለበት አገርና ሀብታም አገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው» ብዬ አስረዳሁ። «ይበርደኛል» አለች። ይህን በአማርኛ ነው ያለችው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ችግር ገጠመን። ስለ ኮንጎ ሦስት መጽሐፍ አወጣን፤ ሦስቱም የሕዝቧን ቁጥር የተለያየ አድርገው ጻፉት፤ ልዩነቱም በብዙ ሚሊዮን ነው። የእኔ መጽሐፍ ደግሞ አራተኛ ቁጥር አለው። ሳሮን የትኛው ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ የማደርገውን አደረግሁ። ሁለቱን ጫፎች ጣልኩ፤ ከቀሩት ለእኔ መጽሐፍ የሚቀርበውን ወሰድኩ፤ ሰንጠረዡ ላይ በቀይ ማርከር ጻፍኩት። በአገሬ ሰባ ሁለት ተማሪ ይህን ገልብጦ ለፈተና ይሸመድደዋል፤ ማንም የት አመጣኸው አይለኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ እህቴ ሪደርቫልድ ወደሚባል ሰፈር ወሰደችን። ድሮ ለሠራተኞች የተሠራ፣ ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ሰፈር ነው። እዚያ የሥራ ባልደረባዋ ፓፓ ምቡዪ ይኖራሉ። በፍሉግሃፈን ሻንጣ የሚጭኑ፣ ስልሳ የሚጠጉ ኮንጓዊ ናቸው። ሳሮንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። «ኮንጎን ከኮንጓዊ ጋር ብታይ ምን አለበት?» አለች እህቴ። እኔ እንኳ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። ሻንጣ የሚጭን ሰው ስለ ኮባልት ምን ያውቃል?

ፓፓ ምቡዪ በር ላይ ሁለት እጄን ይዘው ተቀበሉኝ፤ ጀርመን ከገባሁ ከእህቴ ሌላ እጄን የያዘ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ዓሣ፣ የካሳቫ ቅጠል ወጥና ከእኛ ገንፎ የሚመሳሰል ነጭ ምግብ አቀረቡ። ገንፎው ቅቤ የለውም፤ ዓሣው ግን ባሕር ዳር ላይም እንዲህ አልበላሁም። ከበላን በኋላ ሰንጠረዤን ዘረጋሁና በእንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። ከወንዛቸው እስከ አልማዛቸው አንድ አላስቀረሁም። እጃቸውን አጣምረው እንደ ጨዋ ተማሪ ሰሙኝ።

ስጨርስ «ፕሮፌሰር፣ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀዩ ቁጥር ላይ አሳረፉ። «ይኼን ማን ቆጠረው?»

«መጽሐፉ ላይ ነው ያለው።»

«መጽሐፉ ለማን ደወለ?» ብለው ሳቁ። ለሳሮን ደግሞ በጀርመንኛ ደገሙላት። «እኔ እነግርሃለሁ ማን እንደቆጠረ። እኔ ነኝ የቆጠርኩት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮንጎ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በፈረንጆቹ 1984 ነው፤ አርባ ዓመት ሆኖታል። ፓፓ ምቡዪ ያን ጊዜ ተማሪ ነበሩ፤ ብስክሌት፣ እርሳስና ወረቀት ማድረጊያ ላስቲክ ተሰጥቷቸው ወደ ገጠር ተላኩ። አንዲት እናት ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቁ። «እነዚሁልህ፣ እያቸው» አለቻቸው። ቁጥር አልናገርም አለች፤ ልጅ ከተቆጠረ ይጎድላል። ፓፓ ምቡዪ ራሳቸው ቆጥረው ሲጽፉ አየቻቸውና የሙቀጫዋን ዘነዘና አንሥታ፣ «ከግቢዬ ሳትወጣ አጥፋው» አለች።

«አጠፋሁታ! ፊቷ ላይ በላጲስ አጠፋሁት። ከዚያ ማንጎ ዛፍ ኋላ ሄጄ እንደገና ልጽፈው ስል ሰባት ይሁኑ ስምንት ጠፋብኝ።»

«ምን ጻፉ ታዲያ?»

«ስምንት። ጥሩ ሴት ነበረች፤ ይጨመርላት ብዬ።»

እህቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ባልስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም የአስተማሪነት የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ እኔም ቆጣሪ ነበርኩ። ቡሬ አካባቢ አንዲት እናት፣ «ልጅ ይቆጠራል እንዴ? ከብት አደረግኸው?» ብለው አባረሩኝና ጎረቤት ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ይህን ለፓፓ ምቡዪ ስነግራቸው ብድግ ብለው አቀፉኝ፤ «ባልደረባዬ!» አሉኝ።

«ኤኽት?» አለች ሳሮን። «የእውነት?» ማለቷ ነው። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር፤ አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ጀመር። ዘነዘናው ምን ያህል ነው? ላስቲኩ ለምን ነበር? ከዚያ በኋላ የመጣ ቆጣሪ አልነበረም? በጀርመንኛ ስለሆነ እኔ ውጪ ቀረሁ፤ ጥያቄዎቹን በኋላ እህቴ ናት የነገረችኝ።

ሰኞ

ሳሮን ከትምህርት ቤት እንደገባች ቀዩን ቁጥር ከሰንጠረዡ ላይ አንሣው አለችኝ።

«ዓምዱ ባዶ ሊቀር ነው?»

«ያ።» አዎ ማለቷ ነው።

«ባዶ ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ስንፍና ነው። ይህን ከእኔ ተማሪዎች አንዱ ቢያመጣው ዜሮ ነው የምሰጠው።»

«እዚህ ዜሮ የለም» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እውነቷን ነው፤ የእነሱ መጨረሻ ስድስት ነው።

ተከራከርን። እኔ ከፍ ባለ ድምፅ በአማርኛ፣ እሷ ዝቅ ባለ ድምፅ በጀርመንኛ። እህቴ ከሥራ ገብታ ሁለታችንንም ሰማች፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ሳሮን፣ አጎትሽ አስተማሪ ነው፤ ያለሽን አድርጊ። ይኼ ጨዋታ አይደለም። ነገ ካልተሳካልሽ ምን እንደሚከተል ታውቂያለሽ» አለቻት።

ልጅቷ ወረቀቱን ወስዳ ክፍሏ ገባች። ሰዓት ሳይሞላት ወጥታ መሐል ወለሉ ላይ ቆመችና አራቱንም ዓምዶች አንድ ቃል ሳትስት ወረደቻቸው። ቀዩንም ቁጥር አለችው። ከሰባ ሁለቱ አንዱ እንዲህ ቢያስታውስልኝ አጨበጭብለታለሁ። ስትጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ነገር በአማርኛ ተናገረችኝ፦

«አሁን ቻልኩት። ግን ውሸት ነው፣ አጎቴ። አንተም ታውቃለህ።»

ነገ ምን ልትናገር እንዳሰበች ሳላውቅ ተኛሁ።

ማክሰኞ

አስተማሪዋ እንግዳ መምህር ስለሆንኩ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። እህቴ ተለዋጭ ስላላገኘች ሥራ ላይ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች በቡድን በቡድን ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተዋል፤ አንዷ ፖም ትበላለች። አስተማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። እኔ ይህን ባደርግ ርእሰ መምህሩ በዚያው ቀን ይጠራኝ ነበር። የተሰጠችኝ ወንበር ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የተሠራች ስለሆነች ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ።

ሳሮን ሰንጠረዤን ሰሌዳው ላይ በማግኔት ሰቀለች። ከዚያ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ ቀዩን ቁጥር ሸፈነችው።

ቋንቋውን ስለማላውቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ያየሁትን እጽፋለሁ፤ የቀረውን ሳሮን በኋላ ነግራኛለች። ሦስት ልጆች አስነሥታ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው ቁጠሩ አለቻቸው። አንዱ ሃያ አምስት አለ፤ አንዷ ሃያ ስድስት፤ ሦስተኛው ሃያ ሰባት። አንዱ አስተማሪዋንም እኔንም አልቆጠረም፤ ሌላዋ እኔን ብቻ አልቆጠረችኝም። ክፍሉ ተንጫጫ። ሳሮን ሦስቱንም ቁጥር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ከዚያ ስለ ዘነዘናውና ስለ ላጲሱ ነገረቻቸው፤ ማንጎ የሚለውን ቃል ሰማሁ፤ በመዳፏ አየሩን ስታጠፋ አየሁ። ሳቁ። ከዚያ ማዕድን የሚለውን ዓምዴን እየጠቆመች ጥያቄዋን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሳቁም ቆመ። ጥያቄዋ ይህ ነበር፦

«ድንጋዩ በግራም ይመዘናል። ሰዉ ለምን አልተቆጠረም?»

ፖም የምትበላው ልጅ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ እጆች ወጡ። ሳሮን የምታውቀውን መለሰች፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ትከሻዋን ነቅንቃ አላውቅም ባለች ቁጥር እኔ ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ አስተማሪዋ ግን ራሷን እየነቀነቀች ትጽፋለች።

ደወሉ ሲደወል አስተማሪዋ ሁለታችንን ጠርታ በእንግሊዝኛ አነጋገረችን። ውጤቱ ሁለት ነው። እንዲህ ከቀጠለች በዓመቱ መጨረሻ ጂኦግራፊው የሚያሰጋት እንደማይሆን ነገረችን። ሌላም ነገር ጨምራ፣ እኔ እንዳልሰማው ይመስላል፣ በጀርመንኛ ፈጠን ብላ ተናገረች። ሳሮን ከንፈሯን ነከሰች።

መንገድ ላይ ወጥተን ለእህቴ ደወልን። ከበስተኋላዋ የቫኪዩም ማሽን ድምፅ ይሰማል።

«አለፈች?»

«አልፋለች። ሁለት አመጣች» አልኳት።

ማሽኑ ጠፋ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና የአገራችን እናት ሁሉ የምትጠይቀውን ጠየቀች፦ «ታዲያ ለምን አንድ አልሆነም?»

ሳሮንን አየኋት። መሬት መሬት እያየች ትስቃለች። «አስተማሪሽ በጀርመንኛ ምንድን ነው ያለችሽ?» አልኳት። በአማርኛ መለሰችልኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ ቃል እየመረጠች። ሰንጠረዡ በጣም ብዙ ጽሑፍ ስላለበት ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ሊያነበው አይችልም ብላ ነው አስተማሪዋ የቀነሰችባት።

«አንተ፣ ትሰማኛለህ?» አለች እህቴ። «ለምን አንድ አልሆነም?»

«በእኔ ነው፣ እትዬ» አልኳት።